ሳያልቅ አትነሺ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ጎንደር፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለማስተዋል፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ያማታል፤ የጥር ብርድ ነው፣ ያልፋል። ስልክ ስደውል ስለማታነሺ ወረቀትና እስክርቢቶ አነሣሁ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የጎረቤታችን ልጅ ነው። ሽሮና በርበሬ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በትንሹ ጀሪካን ደግሞ ማር ልከንልሻል። በርበሬው በቅርብ የተፈጨ ስለሆነ ዛሬውኑ ፌስታሉን ፈትተሽ አናፍሺው፤ አለዚያ ይሻግታል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ወንድምሽ ጌታቸው ሁሉንም ነግሮኛል። እሱን እንዳትቆጪው፤ አስጨንቄ ያናገርኩት እኔ ነኝ። እጅ ሰጥተሽ፣ ወረቀቱ ላይ ፈርመሽ፣ ማንንም ሳታናግሪ ከአዳራሹ ወጣሽ አለኝ። ደጅ ላይ ሲደርስብሽ «ቼስ በቃኝ» አልሽው። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤትም አልሄድሽም፤ ብርድ ልብስ ተከናንበሽ መተኛት ነው ሥራሽ። መሸነፍሽ አላስከፋኝም። አንቺን ከሰባት ዓመትሽ ጀምሮ ስትሸነፊ አይቻለሁ፤ መሸነፍ ታውቂበታለሽ።

ያስከፋኝን ልንገርሽ። ጌታቸው የጨዋታውን ወረቀት ፎቶ አንሥቶ ልኮልኝ ነበርና በዚያው ማታ ሰሌዳውን ዘርግቼ እርምጃ በእርምጃ ተከተልኩሽ። እስከ 61ኛው ድረስ። እዚያ ላይ ቆምሽ። አንቺ ጥቁር ነሽ፤ ንጉሥና አንድ ካስል አለሽ። ተጋጣሚሽ ንጉሥ፣ ካስልና አንድ ወታደር አላት። ንጉሥሽ ወታደሩ መንገድ ላይ ቆሟል፤ ወታደሩም ገና አምስተኛው መስመር ላይ ነው። ልጄ፣ ይህ እኮ አቻ ነው! በ11 ዓመትሽ ከእንቅልፍሽ ቀስቅሼ ብጠይቅሽ ትመልሽው ነበር። ካስልሽን ስድስተኛው መስመር ላይ አኑረሽ ንጉሧን ታግጃለሽ። ወታደሩን ወደ ስድስተኛው ስትገፋው፣ ያን ጊዜ ካስልሽን እስከ አንደኛው መስመር አውርደሽ ከኋላ ቼክ ማለት ነው። ንጉሧ ከዚያ ወዲያ የሚከለልበት የለውም። ፊሊዶር የተባለው ፈረንሳዊ በ1777 የጻፈው ነው፤ በሰማያዊው ደብተርሽ ላይ በራስሽ እጅ ገልብጠሽዋል።

አውቀሽ አልመሰለኝም። ደክሞሽ፣ አፍረሽ፣ ሰው ሁሉ የሚያይሽ መስሎሽ ነው የተነሣሽው። ስለዚህ እንዲህ እልሻለሁ፦ ሳያልቅ አትነሺ።

ትንሽ ሳለሽ ተረት ንገረኝ ስትይኝ የምነግርሽ የኖና ጋፕሪንዳሽቪሊን ነበር። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ።) በ1941 ጆርጂያ ውስጥ ዙግዲዲ በምትባል ከተማ የተወለደች፣ ከአምስት ወንድሞች መካከል ያደገች አንዲት ሴት ልጅ። ቼስ የለመደችው ከእነሱ ጋር ነው። በ1962 ሞስኮ ላይ ኤሊሳቬታ ባይኮቫን 9 ለ 2 ስትረታት ገና 21 ዓመቷ ነበር፤ ከ11 ጨዋታ ሰባቱን አሸንፋ፣ አራቱን አቻ ወጥታ፣ አንድም ሳትሸነፍ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ከዚያ 16 ዓመት ማንም አልነቀነቃትም። በ1978 የገዛ አገሯ ልጅ፣ የ17 ዓመቷ ማያ ቺቡርዳኒዜ ወሰደችባት። አንቺ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ስትደርሺ ታለቅሺ ነበር። እኔ ደግሞ ቶሎ ብዬ፣ በዚያው ዓመት ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና የግራንድ ማስተር ማዕረግ እንዳገኘች፣ ሰባ ዓመቷን ካለፈች በኋላ እንኳ የአዛውንት ሴቶች የዓለም ሻምፒዮን እንደሆነች እነግርሽ ነበር። ያን ጊዜ ትተኛለሽ።

ዛሬ ልነግርሽ የፈለግኩት ግን ኖናን አይደለም። ኖና ያሸነፈቻትን ነው። የተሸናፊዋን ታሪክ አንድም ቀን አልነገርኩሽም፤ ይህ የኔ ጥፋት ነው።

አላ ኩሽኒር ትባላለች። በ1965 ከኖና ጋር ለዓለም ሻምፒዮንነት ተጋጥማ 8 ተኩል ለ 4 ተኩል ተሸነፈች። እንደገና ለመጋጠም የተፎካካሪዎቹን ውድድር ማሸነፍ ነበረባት። አሸነፈችና በ1969 መጣች። ውጤቱ ያው፣ 8 ተኩል ለ 4 ተኩል። አራት ዓመት ለፍቶ አንዲት ግማሽ ነጥብ እንኳ አለመጨመር ምን እንደሚመስል አስቢው። እኔ ብሆን ቤቴን ዘግቼ እቀመጥ ነበር። እሷ ግን ተፎካካሪዎቿን ደግማ አሸንፋ በ1972 ሪጋ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ከኖና ፊት ተቀመጠች። 8 ተኩል ለ 7 ተኩል ተሸነፈች። በአንድ ነጥብ! ሻምፒዮን ሳትሆን ቀረች። በኋላ ወደ እስራኤል ሄዳ የጥንት ሳንቲሞች ተመራማሪ ሆነች። ስሟን የሚጠራት ጥቂት ሰው ነው። ያቺን ሁለተኛዋን ሽንፈትና ሦስተኛዋን መቀመጥ ሳስብ ግን እኔ ከኖናም አስበልጬ አያታለሁ።

«ቻይናዊቷ ሁ ይፋንስ እጅ ሰጥታ የለም ወይ?» እንደምትይኝ አውቃለሁ፤ ክርክር ትወጃለሽ። አዎ፣ በፈረንጆቹ 2017 ጂብራልታር ላይ በአምስተኛው እርምጃ እጅ ሰጥታለች። ከአሥሩ ዙር በሰባቱ ከሴት ጋር ስላጋጠሟት ተቃውሞዋን ለማሰማት ብላ ነው። ምክንያቷንም በአደባባይ ተናግራለች። ያንቺው ተቃውሞ አይደለም። ደግሞስ እሷ በ16 ዓመቷ የዓለም ሻምፒዮን ሆናም ትምህርቷን አልጣለችም፤ ኦክስፎርድ ገብታ ተምራ በ2020 ሼንዘን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነች። ሰኞ ጠዋት ክፍል ግቢ። ይህን የምለምንሽ አይደለም፤ የማዝሽ ነው። የቀረሽበትን ቀን ለአስተማሪዎችሽ ሄደሽ በአካል አስረጂ።

አሁን እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። እናትሽም አታውቀውም።

የቁስቋሙን ቤት ታውቂዋለሽ። አያቴ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንግዶቻቸውን ይዘው የድሮውን የአገራችንን ቼስ፣ ሰንጠረጅን፣ ይጫወቱ ነበር። ያንቺ ዓይነት ሰሌዳ አልነበረም፤ ቀይ ጨርቅ ነው፣ ጥቁር መስመር የተሰፋበት። አጀማመሩም ሌላ ነው። ተራ መጠበቅ የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እኩል እጃቸውን እየሰደዱ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። ወረራ ይባላል። እጅ ከእጅ ሲጋጭ፣ ሽማግሌዎቹ ሲፎክሩ፣ እኔና እህቴ እትዬ ውባለም በር ላይ ቆመን እናይ ነበር። እሷ ጠላ ስትቀዳ ዓይኗ ከጨርቁ አይነቀልም። አያቴ አይተዋት ኖሮ አንድ ቀን እንግዶቹ ሲሄዱ ጠርተው አስቀመጧት። በፈረስ አሸንፎ መፎከር የልጅ ነው፤ በመደቅ የረታ ነው ሰው፣ ይሏት ነበር። መደቅ ማለት ያንቺ ወታደር ነው። ውባለም በመደቅ መርታት ለመደች።

1964 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር፣ ኅዳር ነው። እኔ 12፣ እሷ 14። የክፍል ጓደኞቼ ቤት መጥተው ነበርና ችሎታዬን ላሳያቸው ብዬ አብረን ተቀመጥን። ሁለት ጊዜ ረታችኝ። ሳቁብኝ። ሦስተኛውንም እየረታችኝ ሳለ ጮክ ብዬ «አባዬ! ውባለም ከወንዶች ጋር ተቀምጣለች!» አልኩ። አባቴ ከጓሮ መጣ። አንድ ቃል ብቻ ነው የተናገረ፦ «ተነሺ!»

«እቴጌ ጣይቱስ ትጫወት አልነበር ወይ?» አለች። ከአያቴ የሰማችው ነው፤ እውነትም ነው፣ እቴጌ ጣይቱ በገናም ትደረድር፣ ሰንጠረጅም ትጫወት ነበር። በአባቷ በኩል የኛው የስሜን ሰው ናት። አባቴ አልመለሰላትም። ውባለም ተነሣች። ልጄ፣ ንጉሧ አልተነካም ነበር። እያሸነፈች ነው የተነሣችው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንኛ ጥሩ ነበር። ማታ ጠጠሮቹን ከነመደቆቹ ሰብስቤ ምድጃ ውስጥ ጨመርኳቸው። ከእንጨትና ከቀንድ የተሠሩ፣ አያቴ ከአባታቸው የወረሷቸው ነበሩ። የቀንዱ ሽታ ቤቱን ሞላው። በማግሥቱ አያቴ «ማነው?» ሲሉ «እሷ ናት፤ ተናዳ» አልኩ። አላለቀሰችም፣ አልካደችም፤ ዝም ብላ አየችኝ። አያቴ ከዚያ ቀን በኋላ አጠገባቸው አላስቀመጧትም። በጥር ወደ ጭልጋ ተዳረች። ሠርጉ በኔ ምክንያት ነው አልልም፤ ቀድሞ የታሰበ ይሆናል። ግን ያን ሁለት ወር ከአያቷ ተጣልታ፣ በሐሰት ተወንጅላ ነው ከቤት የወጣችው። ኩሽኒር ሪጋ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ የተቀመጠችው በዚያው ዓመት ነው። ይህን ያወቅኩት ከስንት ዘመን በኋላ፣ ላንቺ ተረት ስፈልግ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ቆጥሬ ሳገኘው እስክርቢቶዬን አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጣሁ።

የኖና ወንድሞች ኖናን አብረዋቸው አጫወቷት። እኔ እህቴን አስነሣኋት።

አንቺ ስትወለጂ ፊትሽ ቁርጥ የውባለም ነበር። ሰባት ዓመት ሲሞላሽ አራዳ ሄጄ ያንን ሰሌዳ አሠራሁ። «አባዬ ቼስ የሚወደው ሂሳብ አስተማሪ ስለሆነ ነው» ስትይ እሰማ ነበር። አይደለም። ዕዳዬን ነው ሰሌዳ ላይ አስቀምጬ ያንቺ እጅ እንዲከፍልልኝ የፈለግኩት። ይህ ከብዶሽ ከሆነ፣ ስትሸነፊ የምታፍሪው የኔ ዓይን እየታየሽ ከሆነ፣ ይቅር በይኝ። ቼስን መተው ትችያለሽ፤ በሙሉ ልቤ ነው የምልሽ። ሻምፒዮን እንድትሆኚልኝ አልፈልግም። ግን አቻ የሆነ ጨዋታ ላይ ራስሽን «ተነሺ» ብለሽ እንዳታስነሺ። ያን ቃል አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። መተው ካለብሽ ጨርሰሽ ተዪ። ሳያልቅ አትነሺ።

ለገና እትዬ ውባለም ከጭልጋ መጥታ ነበር። ያንቺ ጨዋታ በ61ኛው እርምጃ እንደቆመ ጠረጴዛ ላይ ነበርና አየችው። «መደቁ የቱ ነው?» አለችኝ። አሳየኋት። ንግሥቷን ከሳጥኑ አውጥቼ አካሄዷን ሳስረዳት አላመነችኝም፤ በሰንጠረጅ ከንጉሡ ጎን ያለው ፈርዝ በማዕዘን አንድ እርምጃ ብቻ ነው የሚሄድ። «ይቺ ሴትዮ ይህን ያህል ትሄዳለች?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ከዚያ ያንቺን ንጉሥ በጣቷ ነካ አድርጋ «ይኸ እኮ አልተያዘም» አለች።

ያን ጊዜ ነገርኳት። ስለ ምድጃው፣ ስለ ሐሰቱ፣ ሁሉንም። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዘችኝ። «ረስቼዋለሁ» አለች። አልረሳችም፤ የጠጠሮቹን ቁጥር ስነግራት አርማኛለች።

ገንዘብ በቴሌብር ልኬልሻለሁ፤ ቁርስ እንዳትዘይ። መታወቂያሽ የሚያልቅበትን ቀን እይና ሳያልፍ አሳድሺ። ፈተና ከሌለሽ ለጥምቀት ነይ፤ በአውቶቡስ ግን አይሆንም፣ የአውሮፕላን ትኬት እኔ እቆርጥልሻለሁ፣ አዘዞ መጥቼ እቀበልሻለሁ። ፈተና ካለሽ ቅሪ፤ አልቀየምም። እትዬ ውባለም እስከ ጥምቀት እዚሁ ትሰነብታለች። ንግሥቷን እንዴት እንደሚያንቀሳቅሷት አስተምሬያታለሁ፤ ፈረሱን ከኔ ይልቅ ታውቀዋለች። ሰሌዳውን አልበተንኩትም፤ እናትሽም አቧራ የምትጠርገው ዙሪያውን ነው። ጥቁሩ ያንቺ ነው፤ ተራውም ያንቺ ነው።

ማሩን ስትጨርሺ ጀሪካኑን አጥበሽ በጎረቤታችን ልጅ መልሺው፤ የሰው ነው።

አባትሽ