ስለ ታናሼ ትምህርት ለአባቴ

ይድረስ ለማከብርዎ ለምወድዎ አባቴ፤

እንደምን ከርመዋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ጆሃንስበርግ ክረምት ስለገባ ብርድ ልብሱና ጃኬቱ ይሸጣል፤ ሱቄም ጄፒ መንገድ ላይ እንዳለ ነው።

የምጽፍልዎ በታናሼ ጉዳይ ነው። ሕግ ትምህርት ቤት ደርሶት ሳለ «ጠበቃ እውነት ገልብጦ የሚበላ ነው፤ ይልቅ መምህር ይሁን» ብለዋል አሉኝ። የመሬቱ ክርክር በቀጠሮ ስንት ዓመት እንዳመላለሰዎት አውቃለሁና አልፈርድብዎትም። ብቻ ስለ አንድ ጠበቃ ልንገርዎና ከዚያ በኋላ እንዳሉ ይሁን። ስሙን በሬዲዮ ሰምተዋል፤ በ1954 ዓ.ም. ኮልፌ መጥቶ ውትድርና የሰለጠነው ማንዴላ ነው።

ይህ ሰው ኩኑ በምትባል መንደር በግና ጥጃ ሲጠብቅ ያደገ እረኛ ነበር። ወተቱን በቀጥታ ከላሟ ጡት ይጠባ ነበር፤ እርስዎ እኛን የገረፉበት ጥፋት ማለት ነው። ራሱ እንደሚተርከው አባቱ የመንደር ሹም ነበር። ስለ አንድ በሬ ክስ ነጩ ዳኛ ቢጠራው አልመጣም አለ፤ በዚያ ምክንያት ሹመቱንም መሬቱንም አብዛኞቹን ከብቶቹንም አጣ። ልጁ ሰባት ዓመት ሆኖት ትምህርት ቤት ሲገባ ይኸው አባት የራሱን ሱሪ ከጉልበቱ ቆርጦ አለበሰው፤ ወገቡ ስለሰፋው በሲባጎ አሰረለት። ማንዴላ ካደገ በኋላ ስንት ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ እንደዚያ ሱሪ የኮራበት እንደሌለ ተናግሯል።

አባቱ ሲሞት የቴምቡ ሕዝብ እንደራሴ ወስዶ አሳደገው። ሸንጎ ሲቀመጡ ሰው ሁሉ የልቡን ይናገራል፣ እንደራሴውን ፊት ለፊት የሚወቅሰውም አለ፤ እሱ ግን ዝም ብሎ ሰምቶ በመጨረሻ ብቻ ይናገራል። እርስዎ ዋርካው ሥር ሲሸመግሉ እንደሚያደርጉት ነው፤ ያነበብሁ ጊዜ እርስዎን ነው ያየሁት።

እ.ኤ.አ. በ1952 ከትግል ጓደኛው ከጠበቃው ኦሊቨር ታምቦ ጋር የከፈተው የጥብቅና ቢሮ ሕንጻ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት እስካሁን አለ፤ ከሱቄ በእግር እደርስበታለሁ። ጠዋት ጠዋት ደረጃው ሳይቀር በባለጉዳይ ይሞላ ነበር። ባለጉዳዮቹ እነማን መሰሉዎት? ከአባት ከአያታቸው ጀምሮ ካረሱት መሬት የተነቀሉ ሽማግሌዎች፣ ጠላ መሳይ የአገራቸውን መጠጥ ጠምቀው በመሸጣቸው የተከሰሱ አሮጊቶች፣ ያኔ ጥቁሮች እንዲይዙ የሚገደዱትን የይለፍ ወረቀት አልያዛችሁም ተብለው የተያዙ ሰዎች።

አንድ ጊዜ አንዲት የቤት ሠራተኛ የእመቤቷን ልብስ ሰረቀች ተብላ ተከሰሰች። ልብሱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ማንዴላ በመስቀለኛ ጥያቄው፣ ነውር አይሁንብኝና፣ ከመሐሉ የሴት የውስጥ ሱሪ በእርሳስ ጫፍ አነሣና «እመቤቴ፣ ይህ የእርስዎ ነው?» አላት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት የእኔ ነው ትበል? «አይደለም» አለች። «ይኸው፣ እኔስ ያልሁት ይህንኑ አይደል» ሲሉኝ ይሰማኛል። ግን እመቤቲቱ በሌላውም ቃሏ ስለተምታታ ነው ክሱ ውድቅ የሆነው። ደግሞስ ያችን ሠራተኛ ማን ይቁምላት? የእኛን ክርክር እንኳ ያረዘመብን የሚቆምልን ጠበቃ ማጣታችን ነው።

ታናሼ መምህር ቢሆንም አልከፋም፣ ሙያው የተከበረ ነው። ነገር ግን ልጁ ከሕፃንነቱ እርስዎ ሲሸመግሉ ከእግርዎ ሥር ተቀምጦ የሰማ ነው፤ ሌላ ቦታ ብንልከው ያ ሁሉ መስማት በከንቱ ይቀራል። ለመሳፈሪያውና ለአልባሳቱ የሚሆነውን በሚቀጥለው ወር በባንክ እልካለሁ፤ ስለ ገንዘቡ አያስቡ፣ በሬውንም አይሽጡ።

እናቴን ሳሙልኝ። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። መልስዎን በታናሼ አጽፈው ይላኩልኝ። እንቢ የሚሉ ከሆነ ግን በሌላ ሰው ያጽፉ፤ እሱ ቃሉን ለውጦ ሊጽፈው ይችላል።

ልጅዎ፣ ከጆሃንስበርግ