ውኃ ማስቀመጥና ውኃ ማጠጣት ይለያያሉ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በአረጋውያን መጦሪያዎች ውስጥ ስላለው፣ ግን እምብዛም ስለማይነገርለት የሰውነት ፈሳሽ ማነስ ነው። ባለሙያዎች «የሰውነት ድርቀት» ይሉታል፤ እኛ ዘንድ ግን ድርቀት ሲባል ሁሉም የሚያስበው የሆድ ድርቀትን ስለሆነ ስሙ ራሱ ያዘናጋል።

አክስቴ 80 ዓመት አልፏቸዋል፤ ልጅ ስላልወለዱ፣ እኛም በየከተማው ስለተበተንን በጎጃም ካሉ መጦሪያዎች በአንዱ ይኖራሉ። ባለፈው መጋቢት ልጠይቃቸው ስሄድ በሟች ወንድማቸው ስም ጠሩኝ። ተንከባካቢዋ «ጃጅተዋል» አለችኝ፤ እኔም አመንኩ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ግን ነርሷ አፋቸውን አስከፍታ ምላሳቸው ደርቆ መሰነጣጠቁን አሳየችኝ። ግሉኮስ ተሰክቶላቸው በሦስተኛው ቀን በስሜ ጠርተውኝ «ላሟ ወለደች ወይ?» አሉኝ።

ተመልሼ ክፍላቸውን ሳይ ውኃ አልጠፋም ነበር። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ሞልቶ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፤ ክዳኑ ግን ጠብቋል፣ የአክስቴ ጣቶች ደግሞ በቁርጥማት የተጣመሙ ናቸው። ቀስ ብዬ ስጠይቃቸው ደግሞ ሌላውን ምክንያት ነገሩኝ፤ መጸዳጃው ከግቢው ማዶ ስለሆነ ሌሊት ሰው ቀስቅሰው ከሚያስቸግሩ ጥማቸውን ችለው ማደር መርጠዋል።

ሰው ሲያረጅ የጥም ስሜቱ ይደክማል፣ ኩላሊቱም ውኃ ቆጥቦ የማስቀረት አቅሙ ይቀንሳል፤ በዚህ ላይ ለደም ግፊት የሚታዘዙ የሚያሸኑ መድኃኒቶች አሉ። ስለዚህ «ሲጠማቸው ይጠይቃሉ» ማለት አያዋጣም። እንደ ሕፃን ቆዳቸውን ቆንጥጦ ማየትም አያስተማምንም፤ የአረጋዊ ቆዳ ውኃ ሳያጣም ይላላልና። መፍዘዝ፣ መውደቅና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከዚሁ ሊመጡ ይችላሉ። ይህን የዓባይ በረሃ ችግር አድርጎ የሚያስብ አለ፤ ደብረ ማርቆስ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት፤ ብርዱ ጥምን ስለሚያስረሳ ነገሩ ይበልጥ ይሰወራል።

የአውሮፓ የሥነ ምግብ ሐኪሞች መመሪያ አረጋውያን ሴቶች በቀን ቢያንስ 1.6፣ ወንዶች 2 ሊትር የሚጠጣ ነገር እንዲያገኙ ይመክራል። ሻይም፣ ወተትም፣ አጥሚትም ይቆጠራል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ግን መጠኑን ሐኪም ሊወስንላቸው ይገባል። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት እስከ 9 ሰዓት ጠብታ ውኃ የማይቀምሱ አረጋውያን ስላሉም መጦሪያዎቹ አስቀድመው ከነፍስ አባቶቻቸው ጋር ቢነጋገሩ መልካም ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለደካማ ሰው የምታዝን ስለሆነች ከነርስ ይልቅ የነፍስ አባት ቃል ይሰማል።

የምጠይቀው ብዙ ወጪ የለበትም። በየፈረቃው አንድ ሰው በቀላል ኩባያ ቀድቶ በእጃቸው ያስይዝ፣ እስኪጠጡም አጠገባቸው ይቀመጥ፣ የጠጡትንም ይመዝግብ። ሌሊት ደግሞ ከአልጋቸው ሥር ፖፖ ይቀመጥላቸው። ለቁጥጥር የሚመጡ ባለሙያዎችም ቧንቧው መሥራቱን ብቻ አይተው ከሚመለሱ፣ ከአልጋው እስከ መጸዳጃው ያለውን መንገድ አንድ ጊዜ በጨለማ በእግራቸው ቢሄዱበት እወዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ