«እንጦራለን» ስትሉ «እን» ማን ናት?

ለአዘጋጁ፣

ባለፈው እሁድ ስለ አረጋውያን ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ጮክ ብዬ ለባለቤቴ። እሱ «ጥሩ ጽሑፍ ነው» ብሎ ሻዩን ጠጣ። እኔን ግን ሁለት ፊደል አንቆኝ ቀረ።

ታላቅ ልጅ ያላችሁት ሰውዬ የእናቱ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብሎ «እናታችንን እኛው ልጆቿ እንጦራለን» ይላል። እናንተም እንደወረደ ጻፋችሁት። እስቲ ይህችን «እን» እንቁጠራት። ሰውዬው የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። እህቱ ዱባይ ናት ብላችኋል። ታናሽየው እዚሁ ባህር ዳር ነው፣ ግን ሹፌር ስለሆነ «አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው»። ታዲያ ሴትዮዋን ማን ያበላቸዋል? አልጋው?

ፎቶውን መልሳችሁ እዩት። በግራ በኩል ብርጭቆ የያዘ እጅ አለ። ክንዱ ላይ ቆርጣችሁታል። ከሥሩ «አረጋዊቷ ከልጃቸው ጋር» ይላል። እጁን ግን ወዲያው አወቅሁት። በበረኪና የተላጠ፣ ጥፍሩ እስከ ሥጋው የተቆረጠ እጅ ነው። እኔም እንዲህ ያለ አለኝ። የምራት እጅ ነው።

አማቴ እማማ ከጣና ሐይቅ ዳር፣ የዘጌ ሰው ናቸው። ዘጌ በሬ አይጠመድም፣ ኑሮው ቡናና ጌሾ ነው። እሳቸው ቡና እየለቀሙ፣ ባላቸው በታንኳ እንጨት ጭነው ባህር ዳር እየሸጡ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ከአራት ዓመት በፊት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። በጀልባ አምጥተን «ለጊዜው» እኔ ቤት አስገባናቸው። ጊዜው ይኸው አላለቀም። ልጆቻቸው «አንቺ» ይሏቸዋል። እኔ «እርስዎ» እያልኩ ነው ዳይፐር የምቀይርላቸው።

ዘገባችሁ ያልገባው አንድ ነገር አለ። የአንድ እናት ልጆች የሚጦሩት አንዲት እናት አይደለም። ጋሼ (የባለቤቴ ታላቅ ወንድም) ከአዲስ አበባ ሲደውል እማማ ድምፃቸውን ጠረግ አድርገው «ደህና ነኝ ልጄ፣ ምንም አልሆንኩ» ይላሉ። ስልኩ ሲዘጋ ማቃሰቱ ይጀምራል። እሱ የሚያውቃት እናት ደህና ናት፣ እኔ የማውቃቸው ሴትዮ ሌሊቱን ሙሉ «ቡናው ይረግፋል፣ ተነሺ!» እያሉ ይጠሩኛል። ለፋሲካ ሲመጣ ደግሞ አጥቤ፣ ፀጉራቸውን ሠርቼ፣ ንጹሕ ነጠላ አልብሼ እጠብቀዋለሁ። ገብቶ ያያቸውና «እንዴ! ደህና አይደለች እንዴ!» ይላል። ጥፋቱ የኔ ነው መሰለኝ፤ ሳላጥብ ማቆየት ነበረብኝ።

አምና ሰው በተሰበሰበበት እማማ እጄን ይዘው «ይቺ ሴት ብሬን ሰረቀችኝ» አሉ። መርሳት ከጀመራቸው ሁለት ዓመት ሆኗል፣ በእሳቸው አልፈርድም። ጋሼ ግን ወደኔ ዞሮ «ስንት ነበር?» አለኝ። ቀልዱን ይሁን የምሩን እስከዛሬ አልጠየቅሁትም።

ለወቀሳ ብቻ እንዳልጻፍኩ ይታወቅልኝ። ብሩን ጋሼ ባይልክ መድኃኒት አይገዛም ነበር። ዊልቸሩንም የላከችው የጋሼና የባለቤቴ እህት ናት፤ የእኛም ቤት እህት ዱባይ ናት። አንድ ቀን በቪዲዮ ደውላ እማማ «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አሏት። ስልኩን ዘጋችው። ሦስት ቀን አልደወለችም። ያን ሌሊት የእሷን ቦታ በኔ አልለውጠውም ነበር። እኔ ወገቤን ነው የሚያመኝ፣ እሷን የሚያማት ሌላ ቦታ ነው። ባለቤቴ ደግሞ እናቱን ማጠብ ያፍራል። እሳቸውም በእሱ እጅ መታጠብን ያፍራሉ። ይህን ሁሉ በአንዲት «እን» አስራችሁ ሄዳችሁ።

በዘገባችሁ ያናገራችሁት ባለሙያ «የአልጋ ቁስል እንዳይወጣ ሕመምተኛው በየ2 ሰዓቱ ይገላበጥ» ብለዋል። ትክክል ናቸው። ግን ማን ያገላብጥ? ትምህርት ቤት ሳለን ዓረፍተ ነገር ባለቤት ይኑረው እንባል ነበር። የእናንተ ዘገባ ውስጥ ይታጠባል፣ ይመገባል፣ ይገላበጣል፤ ባለቤት የለውም።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መሠረት መንግሥት የሀገሪቱ የኢኮኖሚ አቅም በፈቀደው ደረጃ አረጋውያንን ይንከባከባል ብላችሁ ጽፋችኋል። «አቅም በፈቀደው ደረጃ» የምትለዋን ወድጃታለሁ። ነገ ሌሊት እማማ ሲጠሩኝ እኔም እላታለሁ። የማኅበረሰብ ጤና መድኑንም አንስታችኋል። ጎረቤታችን ፎገራ በ2003 ዓ.ም. ሙከራው ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዷ ናት፣ ጥቅሙን አልክድም። የመድኑ ደብተር ግን ሐኪም ቤት ድረስ ነው የሚሸኘን። ከዚያ በኋላ ያለውን «ባህላችን ይሸፍነዋል» ብላችሁ ደመደማችሁ። እኔ ባህል ሌሊት ስምንት ሰዓት ተነስቶ አንሶላ ሲቀይር አይቼ አላውቅም።

እርማት የምታወጡ ከሆነ የዚያችን እጅ ባለቤት ፈልጋችሁ ስሟን ጻፉ። ፈቃደኛ ካልሆነች «ምራታቸው» በሉ፣ ይበቃል። እኔንም ማነጋገር ከፈለጋችሁ ከቀኑ ሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ደውሉ፣ እማማ የሚተኙት ያኔ ነው። ስልኩ ሁለቴ ከጠራ ዝጉት፣ ይነቃሉ።

አንዲት ምራት
ከባህር ዳር