ደብዳቤ ለልጄ፦ ቀብድ እንዳትከፍል

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እህትህ ትናንት አራት ኪሎ መጥታ አያት ሰፈር ስላየኸው ቤት ነገረችኝ። ግቢው ሰፊ፣ ሰርቪስ ቤት ያለው፣ ለባቡሩም ቅርብ ነው ስትል ደስ አለኝ። «ሰኞ ቀብድ ሊከፍል ነው» ስትለኝ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ልጄ፣ ቀብድ እንዳትከፍል።

ቤቱ በቤት ሥራ ማኅበር ካሠራው ከመጀመሪያው አባል እጅ ከወጣ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተሸጧል አሉ፤ ካርታው ግን እስከ ዛሬ በመጀመሪያው ሰውዬ ስም ነው። እንግዲያው ሲሸጥ የኖረው በውክልና ነው። ውክልና ስም አያዛውርም። ወካዩ ከሞተ ደግሞ ውክልናው በሕግ ይቋረጣል፤ ከዚያ ወዲያ ተወካዩ ቢፈርም ወራሾች መጥተው ይከራከሩበታል። ሰውየው በሕይወት አለ? ውክልናው ቤት ለመሸጥ በግልጽ ሥልጣን ይሰጣል? አልተሻረም? ውልና ማስረጃ ሄደህ ራስህ አረጋግጥ፤ የደላላ ቃል አይበቃም።

ሚስት ካለችውም ፊርማዋ ያስፈልጋል። በትዳር ያፈሩት ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት እንዳይሸጥ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ይከለክላል። የአክስትህን የኮተቤውን ቤት አስብ። ሻጩ ጨዋ፣ ደላላው የሰፈር ሰው ነበር። ሚስትየው ውጭ አገር መሆኗን ማንም አላነሳም። ተመልሳ ስትከስ አክስትህ ፍርድ ቤት መመላለስ ሆነ ሥራዋ። የሳሎኑን መጋረጃ ገዝታ ነበር፤ ከነላስቲኩ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። «ፍርዱ ይውጣና እሰቅለዋለሁ» ትል ነበር። ነፍሷን ይማር፣ ሳትሰቅለው ነው የሄደችው።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ባንክ ሳይሆን ክፍለ ከተማ ሂድ። ካርታው ላይ የካ ወይም ቦሌ ተብሎ ተጽፎ ይሆናል፤ አሁን ግን አካባቢው ለሚ ኩራ ስለሆነ ማኅደሩ የት እንዳለ መጀመሪያ ጠይቅ። ባለቤቱ ባለበት ዋናው ካርታ ከማኅደሩ ጋር ይመሳከር፤ ኮፒ አትቀበል። የባንክ ዕዳ፣ የፍርድ ቤት እገዳ፣ ያልተከፈለ ግብር መኖር አለመኖሩን አጣራ። መንገድ ማስፋፊያ ይነካው እንደሆነም ፕላኑን አይተው ይንገሩህ። ግቢውን በሜትር ለካ። አጥሩ ካርታው ላይ ካለው ስፋት አልፎ ከወጣ ለትርፉ አንድ ብር አትክፈል፤ መሬት የመንግሥት ነው፣ ሻጩ ያልያዘውን አይሸጥልህም።

ደላላው «ሻጩ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል» ብሎህ ይሆናል። ሕጉ እንዲያ ይላል፣ ልክ ነው። አንተ ካፈረስክ ግን የሰጠኸው ቀረ ማለት ነው። ወረቀቱ ሳይጣራ ቀብድ እንዳትከፍል የምለው ለዚህ ነው።

ቤቱንም ደግመህ እየው። ሰሚት በኩል የምታውቀው መረሬ አፈር እዚያም ካለ ተጠንቀቅ። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ መረሬውን አልፎ ካልወረደ ቤቱን ያነሣዋል፣ መልሶ ያወርደዋል። ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ፈልግ። አዲስ ቀለም ካየህ በጣትህ ዳስሰው፣ በስቱኮ የተደፈነ ይሆናል። በሮቹን አንድ በአንድ ክፈት፣ ዝጋ፤ ወለል የሚፍቅ ወይም ከመቃኑ የማይገጥም በር የመሠረቱን ነገር ይነግርሃል። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጎረቤት ጠይቅ፤ የሮቶውንም ሊትር እይ። የሴፕቲክ ታንኩ ክዳን የት ነው? ፍሳሽ የሚመጥ መኪና እስከዚያ ይደርሳል? ማታ 1 ሰዓት ላይ መገናኛ ተሰልፈህ በታክሲ ሂድበት፤ ሕይወትህ የሚሆነው እሱ ነው። ትምህርት ቤቱንና ጤና ጣቢያውን ሚስትህ ትየው፣ ከአንተ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

ቤት እንዲኖርህ ከእኔ በላይ የሚመኝ የለም፤ ያለችኝንም እጨምርልሃለሁ። ግን ወረቀቱ ሲጠራ ነው። የካርታውንና የውክልናዎቹን ኮፒ ቅዳሜ ይዘህ ና፤ ጠበቃው የአጎትህ ልጅ ምሳ ላይ ይኖራል። ልጆቹንም አምጣቸው። እስከዚያ ቀብድ እንዳትከፍል።

እናትህ