ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ

እህትዬ፣

ሁለት ዓመት ከአራት ወር ጠፋሁ። ቆጥሬዋለሁ፤ እኔ መቼ የማልቆጥር ሆኜ! ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በዪኝ። ደግሞም ባዶ እጄን አልመጣሁም፣ ጉዳይ ይዣለሁ። ተሳደቢና ቀጥዪ።

በ41 ዓመቴ ኦቲዝም እንዳለኝ ተነገረኝ። እንዳለኝ ነው እንዳለብኝ? 12 ዓመት ሙሉ መምህራን ሳሠለጥን «ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች» እያልኩ ነበር፣ እንደ ዕዳ። ወደ ራሴ ሲዞር ቃሉ ጎረበጠኝ።

አትሳቂ። ኧረ ሳቂ፣ እኔም ስቄያለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትዪኝ ይሆናል። የሕፃናት አእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ ኦቲዝም ሲጽፍ ከገለጻቸው 11 ልጆች 3ቱ ሴቶች እንደነበሩ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ። ስላይዴ ላይ የለጠፍኩት ግን የወንድ ልጅ ፎቶ ነው። «አራት ወንድ ለአንድ ሴት» የሚለው የኦቲዝም ስሌትም ተከልሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ ወደ ሦስት ለአንድ አውርዶታል፣ ሴቶቹ በምርመራ እየታለፉ ነው ብሎ። ይህንንም አስተምሬያለሁ! የታለፈችው ማይክ ይዛ እያወራች።

ያቺ ወረቀት ትዝ ትልሻለች? ስልክ ከመደወሌ በፊት የምጽፋት። «ሃሎ። እንዴት ዋልክ። ሳቅ። በነገራችን ላይ...» «ሳቅ» የሚለውን ሳይቀር ጮክ ብለሽ አንብበሽ በሳቅ ልትሞቺ ነበር። እኛ በሙያው ጭምብል ማጥለቅ የምንለው እሱን ነው፤ እንደ ሌላው ሰው ለመምሰል ራስን መደበቅ። ማታ ለምን ልብሴን ሳላወልቅ እንደምወድቅም አሁን ገባኝ።

ወደ ጉዳዬ። ሐሙስ ሥልጠና አለኝ፣ ልነግራቸው አስቤያለሁ። ወይም አልነግራቸውም። እንጃ። ያወቀው አንድ ባልደረባዬ «ታዲያ ከእንግዲህ ተመራማሪ ነሽ ተመርማሪ?» አለኝ። ቀልዱ ነው። ሦስት ሌሊት ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ጥናቴን «ስለ ራሷ ነው የምታወራው» ብለው ቢጥሉትስ? ስለ ራሳቸው የማያወሩት እነሱ ብቻ ይመስል!

ከነገርኳቸው የደወሉን ታሪክ ማንሳት እፈልጋለሁ። ደወሉ ሲጮህ እኔ ሽንት ቤት ውስጥ ጆሮዬን ደፍኜ፣ አንቺ በሩ ላይ «ሰው አለ!» እያልሽ። ታሪኩ ያንቺም ነውና ሳልጠይቅሽ አላወራውም። ስምሽን አልጠራም። አንድ ቀን እንኳ «ምን ሆነሽ ነው?» አላልሽኝም። እሱን ልንገራቸው?

ከሐሙስ በፊት መልሺልኝ። ግን ጻፊልኝ፣ አትደውዪ። ከደወልሽ ወረቀት ማዘጋጀት ሊኖርብኝ ነው።

ያንቺው ጠፊ