ለልጄ፤ ስለ ሐይቁና ስለ ቆጠራው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የምትሠሪበት የልጆች ካምፕ ስልካችሁን ሰብስቦ ስለያዘ ከደብዳቤ በቀር መገናኛ የለንምና፣ ይህን የምጽፍልሽ ከሌሊት ሥራ ተመልሼ፣ አባትሽና ወንድምሽ ተኝተው ሳሉ ነው። የሚከብድሽ ቃል ካለ አስምሪበትና ስትመለሺ አብረን እናነበዋለን።

የምጽፍልሽ ባለፈው ግንቦት ስላጣላን ጉዳይ ነው። ካውንስለር፣ ማለት የካምፑ ልጆች ጠባቂ፣ ሆነሽ መቀጠርሽን በነገርሽኝ ሳምንት፣ ከአክስትሽ ልጆች ጋር ሳሎን ስታዩት የነበረውን ተከታታይ ፊልም በር ላይ ቆሜ ለአንድ ደቂቃ ያህል አየሁት። ሐይቅ፣ ጨለማና ጩኸት ነበር። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት፤ በማግስቱም ወደ ካምፑ አትሄጂም አልኩሽ። አንቺም «እማዬ፣ ባላየሽው ነገር ለምን ትፈርጂያለሽ?» ብለሽ ክፍልሽ ገባሽ። አባትሽ መሃል ባይገባ ኖሮ ዛሬ እዚያ ባልነበርሽም። ከሄድሽ ወዲህ ያን ፊልም፣ «ዴድ ኦፍ ሰመር»ን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አሥሩንም ክፍል አይቼዋለሁ። ባላየሁት መፍረዴ ጥፋት ነበርና ይቅርታ አድርጊልኝ።

ፊልሙ ፍሪፎርም በተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያ የታየው በፈረንጆቹ 2016፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ነበር፤ ታሪኩ ግን በ1989 የሚፈጸም ነው። ዴብ የምትባል ሴት፣ በልጅነቷ የዋለችበትን ስቲልወተር የተባለ ካምፕ ገዝታ እንደገና ትከፍተዋለች፤ ወጣቶቹ ካውንስለሮች ሲሰበሰቡ በሐይቁ ዙሪያ ተኝቶ የቆየው ክፋት ይነሣል፤ አንድ በአንድም መሞት ይጀምራሉ። ደሙን አልወደድኩትም፤ አሁንም አልወደውም። ይሁን እንጂ ከፈጠሩት ሰዎች ሁለቱ፣ አዳም ሆሮዊትዝና ኤድዋርድ ኪትሲስ፣ ቀደም ብለው «ሎስት» ለተባለው ተከታታይ ፊልም ይጽፉ ስለነበር ከዚያ ያመጡት አንድ መልካም ልማድ አላቸው፤ የሚሞቱትን ልጆች ፊት ለፊታችን አስቀምጠው፣ ወደ ኋላ ተመልሰው እያንዳንዱ ከምን ዓይነት ቤት እንደመጣ ያሳያሉ። አሌክስ የሚባለው ልጅ ከሩስያ ከመጣ ስደተኛ ቤተሰብ መወለዱን ደብቆ የአሜሪካ ልጅ መስሎ ለመታየት ሲደክም ሳይ፣ ሁለተኛ ክፍል ሳለሽ «ምሳዬን እንጀራ አታድርጊብኝ» ያልሽኝ ቀን ትዝ አለኝና ፊልሙን አቁሜ ጥቂት ተቀመጥኩ።

ከሁሉ ይልቅ የያዘኝ ግን ሐይቁ ነው። ስቲልወተር ማለት የረጋ ውሃ እንደሆነ አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ፤ በዳዊት 22ኛው መዝሙር የዕረፍት ውኃ የምንለውን እንግሊዝኛው የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። እኛ የታመመውንና መንፈስ የያዘውን ሰው ወደ ውሃ እንወስደዋለን፤ ጠበሉ ሲነካው መንፈሱ ይጮኻል፣ ይለቃል። እዚህ ደግሞ ክፋቱ በሐይቁ ላይ ያንዣብባል። ሁሉም የሚፈራውን ረጅሙን ሰው የሚጫወተው ነፍሱን ይማረውና በ2024 ያረፈው ቶኒ ቶድ ነው። እኔም እንደ ልጆቹ ክፋቱ እርሱ ነው ብዬ ነበር። በመጨረሻ ግን ክፋቱን ለመግታት የቆመው እርሱ፣ ለክፋቱ በር የከፈተችው ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያዘንኩላት ያቺ አዲስ መጤ፣ ትሑቷ ኤሚ ሆነች። በር ላይ ቆሜ በአንድ ደቂቃ ከፈረድኩት ፍርድ ጋር ሳስተያየው አፈርኩ።

ታሪኩን በ1989 ማድረጋቸውም ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በዚያ ዘመን ብዙ አሜሪካውያን ወላጆች ልጆቻቸውን የሰይጣን አምላኪዎች እያጠመዱባቸው እንደሆነ አምነው ነበር። በካሊፎርኒያ በ1983 በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ላይ የተነሣው ክስ እስከ 1990 ተጎትቶ፣ አንድም ሰው ሳይፈረድበት ነው ያለቀው። አስተማሪዎቹ ግን ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ጨረሱ። ሰይጣን የለም እያልኩሽ አይደለም፤ አለ፣ ዘወትር የምጸልየውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ሰው በፈራ ጊዜ ሰይጣንን ካለበት ሳይሆን ከሌለበት ቦታ ይፈልገዋል። ፊልሙም በመጨረሻው የሚደክመው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የእያንዳንዱን ልጅ ጥፋትና ቁስል ያን ያህል በጥንቃቄ ካሳየ በኋላ፣ ማልፋስ ለሚባለው ጋኔን ሁሉን አሸክሞ ይገላገላል።

የአክስትሽ ልጅ የዚህ ዓይነት ፊልም ሁሉ ሥር ነው ያለችኝን «ፍራይደይ ዘ ሰርቲንዝ» የተባለውን የ1980 ፊልምም ተከራይቼ አየሁት። የተቀረጸው በኒው ጀርሲ፣ እውነተኛ የስካውት ካምፕ ውስጥ ነው። በዚያ ጋኔን የለም፤ ገዳይዋ እናት ናት። በ1957 ካውንስለሮቹ ዓይናቸውን ከሐይቁ ላይ ባነሡበት ሰዓት ልጄ ሰጠመብኝ የምትል እናት። የምታደርገውን ሁሉ ተጸየፍኩት፤ ሆኖም ያ ሁሉ ደም የሚፈሰው ማንም ካላየው አንድ ልጅ የተነሣ መሆኑን ስሰማ እጄ ተንቀጠቀጠ። ምክንያቱን ለአባትሽ እንኳ ነግሬው አላውቅም።

እዚህ አገር ልጆች ወደ ሐይቅ የሚወርዱበት ወር፣ እኛ ከወንዝ የምንሸሽበት ወር ነው፤ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ለእናንተ ፀሐይ፣ ለእኛ ክረምት ነው። የ11 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በነሐሴ ወር፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ረፋድ ላይ፣ አምስት ልጃገረዶች ልብስ ልናጥብ ወንዝ ወረድን። የጎረቤታችን የስድስት ዓመት ልጅ ተከተለን፤ እናቱም «ዓይናችሁ ከእርሱ አይነሣ» ብላ ለሁላችንም አደራ ሰጠችን። እርሱ እንዶዱን በድንጋይ እየወቀጠ አረፋውን በሁለት እጁ እየታቀፈ ሲያሳየን፣ እኛ እየሳቅን ጋቢ እንጨምቅ ነበር። አደራው የአምስታችንም ስለነበር እያንዳንዳችን ሌላዋ ታየዋለች ብለን ነበር። ጩኸት አልሰማንም። ቀና ስል ልጁ የለም፤ እንዶዱ የተወቀጠበት ድንጋይ ላይ አረፋው ገና አልጠፋም ነበር። ከላይ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ወንዙን ሞልቶት ኖሯል።

ማታ በለቅሶው ቤት ሽማግሌዎቹ የወንዙ ጋኔን ወሰደው አሉ። ማንም እኛን አልጠየቀንም። እኔም ለብዙ ዓመታት በዚያ ቃል ተሸሸግኩ። ሳሎን በር ላይ ቆሜ ያን ሐይቅ ባየሁ ጊዜ ያጠፋሁት ፊልሙን አልነበረም፤ አንቺም በማታውቂው ነገር ተቀጣሽ።

ለሥልጠና ሄደሽ የተመለስሽ ዕለት ስለ ሰሌዳው የነገርሽኝን አሁን ደጋግሜ አስባለሁ። እያንዳንዱ ሕፃን ወደ ውሃ ሲገባ በስሙ የተጻፈችውን ምልክት ሰሌዳው ላይ እንደሚሰቅል፣ ሲወጣ እንደሚያነሣት፤ ሁለት ሁለት ሆነው እንደሚዋኙ፤ ፊሽካው ሲነፋም ጥንዶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ላይ እንደሚያነሡና እናንተ እንደምትቆጥሩ ነግረሽኝ ነበር። ያኔ ለጨዋታ የተሠራ መስሎኝ በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁሽ። የሚሰጥም ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም፣ እጁንም አያወዛውዝም፤ አፉን ከውሃው በላይ ለማቆየት ሲታገል ለጩኸት የሚሆን ትንፋሽ አይተርፈውም። ስለዚህ ዝም ያለውን ልጅ ተመልከቺ። ከአንቺ ጋር ሌሎች አራት ካውንስለሮች ቢቆሙም ለብቻሽ እንደቆምሽ ሆነሽ ቁጠሪ። ቁጥሩ አንድ ከጎደለ «ምናልባት መጸዳጃ ቤት ሄዶ ይሆናል» ብለሽ አትጠብቂ፤ የሳቀብሽ ይሳቅ፣ ሁሉንም ከውሃው አስወጪ።

ማታ እሳት አንድዳችሁ ስትቀመጡ ስለ ረጅሙ ሰው ብታወሪላቸው አልከለክልሽም። እኛም ምድጃ ዳር የጅብ ተረት ስንሰማ ነው ያደግነው። ትንንሾቹ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ድረስ ብቻ በር ላይ ቆይላቸው።

ካልሲዎችሽን በዚህ ጥቅል አድርጌያለሁ፤ ቴምብሮቹ በካልሲዎቹ መሃል በፖስታ አሉ። የፍልሰታን ጾም በምትችዪው መጠን ያዢ፤ ካልቻልሽ ውሃ ዳር ሆነሽ ራስሽን እንዳታደክሚ። ስትመልሺልኝም በክፍልሽ የሚያድሩትን የስምንቱን ሕፃናት ስም ጻፊልኝ፤ በሱባኤው ጠዋት ጠዋት ኪዳን ሳደርስ ከስምሽ ቀጥዬ አንድ በአንድ እጠራቸዋለሁ።

የምትወድሽ እናትሽ