የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ዝንብም ትመሰክራለች

የዘንድሮ ሥራችን የተነሳው ከአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ነው። «ቲቸር፣ ሰው ሞቶ ቢገኝ መቼ እንደሞተ ፖሊስ በምን ያውቃል?» ገና ከሆነ ሐኪም በሰውነቱ ሙቀት ይገምታል። ቀናት ካለፉ ግን ይህ መንገድ ይዘጋል። ያኔ የሚመረመሩት ዝንብ ሬሳው ላይ ከጣለችው እንቁላል የተፈለፈሉ ትሎች ናቸው።

ልጆቹን የያዛቸው በ1935 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ የተፈጸመ ወንጀል ነው። ሞፋት ከተባለች ከተማ አጠገብ፣ ድልድይ ሥር በተጣሉ ጥቅሎች ውስጥ የሁለት ሴቶች አካል ተቆራርጦ ተገኘ። የግላስጎው ተመራማሪ አሌክሳንደር ሚርንስ ትሎቹን መርምሮ ዕድሜያቸውን ከ12 እስከ 14 ቀን ገመተ። ግምቱ ሴቶቹ ከጠፉበት ጊዜ ጋር ገጠመ። የአንደኛዋ የትዳር አጋር ዶክተር በክ ራክስተን በ1936 በስቅላት ተቀጣ። ትሎቹ ብቻቸውን አላስፈረዱበትም፤ ሌላም ብዙ ማስረጃ ነበር።

እኛም ከልኳንዳ ጉበት ገዝተን በሁለት ጣሳ አደረግነው። አንዱን ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ሥር፣ ሌላውን ከቤተ ሙከራው ጀርባ ጥላ ውስጥ አስቀመጥን። አረንጓዴዎቹ የሚያብለጨልጩ ዝንቦች ለመድረስ ጊዜ አልፈጀባቸውም። በኋላ ትሉን በማይክሮስኮፕ ስናየው ጫፉ ላይ ሁለት ጠቆር ያሉ ነጥቦች አሉ። ልጆቹ «ዓይኑ!» ብለው ጮኹ። መተንፈሻው ነው፣ ያውም በኋላው በኩል። ትሉ አፉን ሥጋ ውስጥ ቀብሮ እየበላ በኋላው ይተነፍሳል። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ሦስት ስንጥቅ ከታየ ትሉ ሦስተኛውና የመጨረሻው የዕድገት ደረጃ ላይ ደርሷል ማለት ነው።

የፀሐዩ ጣሳ ትሎች የጥላውን ቀድመው ወፈሩ። ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው። የትል ዕድሜ በቀን ብቻ አይቆጠርም፤ ሙቀቱም አብሮ ይሰላል። ለምሳሌ ከ10 ዲግሪ በታች ማደግ የሚያቆም ዝንብ እንውሰድ። ከ10 በላይ ያለው ዲግሪ በሰዓቱ ብዛት ሲባዛ «የዲግሪ ሰዓት» ይባላል። በ20 ዲግሪ ሙቀት በቀን 240 የዲግሪ ሰዓት ያጠራቅማል፤ በ30 ዲግሪ 480። ሒሳብ አልወድም ይሉ የነበሩ ልጆች ይህችን ስሌት ሰሌዳ ላይ እየተሻሙ ሠሩ።

አንድ ነገር ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። ትሉ የሚናገረው ዝንቧ እንቁላል ከጣለችበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን ነው። ሬሳው ተጠቅልሎ ወይም ቤት ተዘግቶበት ከቆየ ዝንቧ ልትዘገይ ትችላለች። ስለዚህ ባለሙያ «ቢያንስ ይህን ያህል ጊዜ» ይላል እንጂ የሞት ሰዓቱን ቆርጦ አይናገርም።

ሽታውን ችለው ጣሳዎቹን ከውሻ ለጠበቁልን የጥበቃ ሠራተኛችን ለጋሼ ከልብ እናመሰግናለን። ለከርሞ ከቀን እስከ ሌሊት ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ያስፈልገናል። መርዳት የሚችል ወላጅ ቤተ ሙከራው ድረስ ብቅ ይበልልን።